ብርቱካን ያስቆጠረኝ ማሽን

ወዳጄ የፊዚክሱ፣

የወንድሜ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠራችውን፣ እያንዳንዱን በአቅሙ ልክ ያስተምራል የተባለውን የኦንላይን ፕሮግራም እየሞከርኩላት ነው። እንደ ልማዴ ጥያቄውን ሁለቴ አንብቤ፣ በወረቀት ሠርቼ፣ ሁሉንም በትክክል መለስኩ። ሊቁ ማሽን ግን «ዘግይተሃል» ብሎ ከካልኩለስ ወደ ክፍልፋይ፣ ከዚያም ብርቱካን ወደ መቁጠር አወረደኝ። «አይዞህ!» ማለቱንም አልረሳም።

«ጋሼ፣ ብዙ አያስቡ፤ ቶሎ ቶሎ ይንኩት እንጂ!» አለችኝ ልጅቷ።

ሰኞ ፕሮግራሙ ለተማሪዎች ሲከፈት አስቦ የሚመልስ ተማሪ ሁሉ ብርቱካን ሊቆጥር ነው! እኛ ስናስተምር በነበረበት ትምህርት ቤት ያን ዝምተኛ ልጅ አስቦ እንዲመልስ ደወል እስኪደወል ሰሌዳው ፊት እንደጠበቅከው፣ ዛሬ መሐንዲስ መሆኑንም ነገርኳት። ወዲያው የማሽኑን ሰዓት ቆጣሪ አጠፋችው።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። ብርቱካኖቹ ሰባት ነበሩ፤ ሁለቴ ቆጥሬያቸዋለሁ።