አባቴን የዘለለው የሠርግ ካርድ

እሑድ፣ ኅዳር 24 ቀን 1971
እማዬ ስንቅ አድርሳ ተመለሰች። አባዬ ደህና ነው፤ ካልሲ ላኩልኝ ብሏል። ሁለት ዓመት ወኅኒ ተቀምጦ የሚጠይቀው ካልሲ!

ከሰዓት ለሠርጌ የሚጠራውን ሰው ስንጽፍ ዋልን። ቁስቋም ያሉት ዘመዶች ብቻ ሠላሳ ሆኑ። አንዱን ብንረሳ ቀብራችን ላይም አይመጡም። ጋሼ አለማየሁ፣ የአባዬ ወንድም፣ ካርዱን እኔ አሳትማለሁ አሉ። ደግ ናቸው... ግን የእጮኛዬ የዓምሃ አባት፣ አቶ ተክለሃይማኖት፣ መልእክት ልከውባቸዋል። "ካርዱ ልጄ የሚሠራበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይገባል። የእስረኛ ስም ከእኔ ስም ጎን አይጻፍ። አጎቷ ይጥሩ።"

እማዬ ዝርዝሩን አጠፈችው። እኔም እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? ሠርጉ እንዳይፈርስ ፈርቼ ነዋ።

ታኅሣሥ 11
ካርዱ መጣ። ያምራል። የወርቅ ቀለም፣ ሁለት የተቆላለፉ ቀለበቶች። "አቶ አለማየሁ ደቻሳ የወንድማቸውን ልጅ የወይዘሪት ዓለምነሽን..." አንብቤ ፖስታው ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ጎረቤታችን እትዬ ብርቅነሽን ደጅ ላይ አገኘኋቸውና የመጀመሪያውን ለእሳቸው ሰጠሁ።

ታኅሣሥ 12
ጉድ ነው የሆነው! እትዬ ብርቅነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። "ወለተማርያም እህቴ፣ መቼ ነው? ምነው ጎረቤት አይደለሁም ወይ?"

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። "ምን ሰማሽ? ቦጋለን ምን አረጉት?" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እትዬ ብርቅነሽ የሰሙት ነገር የለም። ካርዱን ነው ያነበቡት። አባት በሕይወት እያለ አጎት የሚጠራበት ሠርግ አይተው አያውቁም። "ልቅሶ ተከልክላችሁ የደበቃችሁ መስሎኝ እኮ ነው..." አሉ፣ አፍረው።

ምን ያሳፍራቸዋል? ካርድ ላይ ስሙ የሚቀረው የሞተ አባት ነው፤ ይሄን ማንም ያውቃል። እኔ ነኝ አባቴን በቁሙ የቀበርኩት። እናቴን ደግሞ ለግማሽ ሰዓት መበለት አደረግኋት።

ታኅሣሥ 13
ካርዶቹን ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። አንድም አላስቀረሁ። ጋሼ አለማየሁ "አብደሻል!" አሉኝ። አዎ፣ አብጃለሁ።

ከዓምሃ ጋር የሠርግ ቀሚስ ልንመርጥ ሽሮ ሜዳ ተቀጣጥረን ነበር። ገና ሰላም ሳልለው "አባቴ ያልጠራው ሠርግ የኔ አይደለም" አልኩት።

"ዓለም... ጊዜውን እኮ ታውቂያለሽ..."

"ጊዜው ጊዜው አትበለኝ! እኔን ያሳደገኝ ጊዜው አይደለም።"

ሸማኔዎቹ ሥራቸውን ትተው አዩን። ይዩ። ቀሚሱን ሳንመርጥ ተለያየን። ሠርግ አለ ወይስ የለም? እንጃ።

ታኅሣሥ 17
ሠርጉ ይኑር አይኑር ሳላውቅ፣ የእኛን ወገን ብቻ በአባዬ ስም የሚጠራ ካርድ ላሳትም ወሰንኩ። ዊንጌት አጠገብ ማተሚያ ቤት ያለው ሙሐዲን "ቀበሌ ማኅተም ያላደረገበትን ጽሑፍ አላትምም፣ ልጆች አሉኝ" አለኝ። ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ የአባዬን ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ በተረፈው ላይ ማኅተሙን መታበት።

ወደ ሙሐዲን ተመለስኩ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየና "የተጋባዡን ስም በእጅሽ አይደል የምትጽፊው?" አለ።

"አዎ።"

"በቃ፣ የጠሪውንም ቦታ ነጥብ ነጥብ አርጌ ልተወው። እስካሁን ነጥብ ፀረ አብዮት ነው ያለኝ የለም።"

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ። ከስንት ቀን በኋላ!

ታኅሣሥ 25
አቶ ቦጋለ ደቻሳ... አቶ ቦጋለ ደቻሳ... ሁለት መቶ ጊዜ። ጣቴ አበጠ። ደስ ይላል።

ዓምሃ መጣ። ከሽሮ ሜዳው ጠብ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም ነበር።

"የኔ አባት ሠርጉ ላይ አልገኝም ብሏል" አለ።

"አንተስ?"

"እኔማ ሙሽራው ነኝ።"

ሌላ እስክሪብቶ አነሣና አጠገቤ ተቀመጠ። አቶ ቦጋለ ደቻሳ ብሎ ጻፈ። የእጅ ጽሑፉ ከእኔ ያምራል... ይሄ ደግሞ አናደደኝ።

ጥር 20
ተዳርኩ! ጋሼ አለማየሁ መጡ፣ አቀርቅረው። አቶ ተክለሃይማኖት ቀሩ። ካርዱን የመለሱም አሉ፤ ይቅርባቸው፣ ድፎው ለእኛ ተረፈ። እግሬ ሊቆረጥ ነው።

እሑድ፣ ጥር 27
መልስ የሚጠራው የሙሽሪት አባት ቤት ነው። የኔ አባት የት እንዳለ ደግሞ የታወቀ ነው። ካባችንን ደርበን ወኅኒ በር ላይ ተሰለፍን። እማዬ ዶሮውን ይዛ ከፊት። ስንቅ ያመጡ ሴቶች ሲያዩን እልልታውን አቀለጡት፤ ዘበኛው "ጸጥታ!" ብሎ ጮኸ። ማን ሰምቶት!

መዝጋቢው ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። "የእስረኛ ስም?"

"ቦጋለ ደቻሳ" አልኩ።

"የጠያቂ?"

አፌን ሳልከፍት ዓምሃ ቀደመኝ። መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ የመሥሪያ ቤቱን። "ዓምሃ ተክለሃይማኖት።"

"ምኑ ነህ?"

"ልጁ።"

ሰውየው ጻፈ። አንገቴን አስግጌ አየሁት። ቦጋለ... ከጎኑ ተክለሃይማኖት። በአንድ መስመር፣ በመንግሥት ቀለም፣ በመንግሥት መዝገብ! ሳቄ አመለጠኝ።

"ምን ያስቅሻል?" አለ፣ አሁን ቀና ብሎ።

"ሙሽራ ነኝ" አልኩት። "አባቴ መልስ ጠርቶኝ ነው የመጣሁት።"