አሥራ አንደኛው ትምህርት

ዘሃራ፣ አሰላሙ ዓለይኪ።

ከቀበርንሽ ሰባት ወር ሆነ። ረመዳን ያለ አንቺ ገብቶ ያለ አንቺ ወጣ። ድምፅሽን ትቀጂበት የነበረውን ክፍል የሱቁ መጋዘን አድርጌዋለሁ፤ ጠረጴዛሽ ላይ የቀለም ቆርቆሮ ተደርድሯል። እህቴ «ምነው፣ ዓመቷን እንኳ ብትጠብቅ!» አለችኝ። ሱቁ ጠቦኝ ነው።

የልብሽ ሕመም የታወቀው ኮሶዬ ዳገት ላይ ነበር፤ ለተማሪዎችሽ የእርሻ እርከን ልታሳዪ ወጥተሽ፣ ትንፋሽ አጥሮሽ መሬት ላይ የተቀመጥሽ ዕለት። ሐኪሙ ደረጃ መውጣት ከለከለሽ። የምታስተምሪው ዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር፣ ሴሚስተሩ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቀሪውን ትምህርት በኢንተርኔት እንድትጨርሺው ፈቀዱልሽ። ሸጋ ነው አልኩ። ቤት ከዋለች ምሳዬ በሰዓቱ ይደርሳል ብዬ ነበር። አንቺ ግን በር ዘግተሽ ለላፕቶፕ ታስተምሪያለሽ፤ የቀዳሽውን ኔትዎርክ ሲመጣ ትልኪያለሽ። አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አልሰማሁሽም።

በሞትሽ በሳምንቱ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሱቅ ድረስ መጣ። ዘጠኙ ትምህርት ለተማሪዎቹ ደርሷል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን ኔትዎርክ ተቋርጦ ሳይላኩ ቀርተዋል። ፈተናውን ቀድመሽ አዘጋጅተሽ ሰጥተሻቸዋል። ሦስቱን በፍላሽ እንድሰጠው ለመነኝ።

ከመስጠቴ በፊት ከፈትኳቸው። አሥረኛውና አሥራ ሁለተኛው ላይ አንቺ ብቻ ነሽ። አሥራ አንደኛው ላይ፣ በተዳፋት መሬት የእርከን ርቀት እንዴት እንደሚሰላ እያስረዳሽ ሳለ በሩ ብርግድ አለ። ድምፄን አወቅሁት። «አንቺ ሴትዮ፣ ለግድግዳ ነው የምትለፈልፊው? በዚህ ቤት ምሳ የሚባል ነገር የለም?» ትንፋሽሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ይሰማል። ከዚያ «ይቅርታ ልጆች፣ ባለቤቴ ነው። ደህና ሰው ነው፤ ርቦት ነው» አልሽና ስሌቱን ቀጠልሽ።

ድምፄን ብቻ ቆርጦ ማውጣት አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ብጠራ ይሰማዋል። አሥራ አንደኛውን እንዳለ አጠፋሁት። ለኃላፊው ሁለቱን ሰጥቼ «በዚያ ሳምንት አሟት ስለነበር አልቀዳችም» አልኩት። ሐዘንተኛን ማን ይጠረጥራል? አመነኝ።

ባለፈው ሰኞ አንዲት ልጅ ጓጉንቸር ልትገዛ መጣች። «ትልቁን ነው ትንሹን?» ስላት ቀና ብላ አየችኝ።

«የቲቸር ዘሃራ ባለቤት ነዎት አይደል?»

በምን እንዳወቀችኝ ጠየቅኋት።

«በድምፅዎ ነዋ! በየትምህርቱ ይገቡ ነበር እኮ። እኛ ‹የምሳ ደወል› ነበር የምንልዎ።» አፏን በእጇ ሸፈነች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ ጠፋ። በአሥራ አንደኛው ምክንያት ወድቃለች፤ የፈተናው ግማሽ የወጣው ከእርከን ስሌት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በድጋሚ ትፈተናለች፤ ከወደቀች ተባርራ ወደ ዛሪማ፣ ወደ እናቷ መመለሷ ነው። «እስኪ በሞቴ፣ ላፕቶፓቸው ላይ ፈልገው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አልተቀዳም» አልኳት። ጓጉንቸሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። አመስግናኝ ሄደች።

ላፕቶፕሽን ወደ ጠጋኝ ወሰድኩት። የጠፋው አይመለስም አለኝ። ቤት ገብቼ ዘጠኙንም ከፍቼ ሰማሁ። ልጅቷ አልዋሸችም፤ በዘጠኙም እጮኻለሁ። አንቺ እስክወጣ ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ስድሳ ተማሪ የሚያውቀውን ድምፅ ነው ልደብቅ የደከምኩት። ስለ እኔ አንድ ደህና ቃል የተናገርሽው በአሥራ አንደኛው ላይ ብቻ ነበር። ያጠፋሁት እሱን ነው።

ተማሪዎችሽ የምሳ ደወሉን ይዘው ይመረቃሉ። «ደህና ሰው ነው» ማለትሽን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ብናገርም የሚያምነኝ የለም። እስክሞት አልረሳውም፤ ትንፋሽሽ የት ላይ እንደተቆረጠ ጭምር ይዤዋለሁ።

ከስሌቱ ግን፣ ዘሃራ፣ አንድም ቁጥር አልያዝኩም።