የመረቅሁት ተወዳዳሪ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ሰኔ 12 ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት

ለተወደድኸው ልጄ ለኃይለልዑል፣

ሰላምታዬ ዴንቨር ድረስ ይግባልህ። የተራራው ብርድ ጎዳህ ይሆን እያልሁ ስጨነቅ ሰኔ መሆኑ ትዝ ይለኛል። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ፤ ተመስገን። ልጅህ ሀሴትም ክፍሏን አልፋለች። ሒሳቧ ጥሩ ነው፤ የአማርኛ ጽሕፈቷ ግን ዶሮ የጫረችው ይመስላል። አልተውኋትም፣ በየቀኑ አስጽፋታለሁ።

የላክህልኝን የአውሮፕላን ትኬት የሀሴት እናት ልዕልት አትማ ሰጠችኝ። «ሕንጻው መፍረሱ አይቀርም፤ አሁኑኑ እኔ ጋ ነይና ኑሪ» ማለትህንም አንብቤያለሁ። አስበህልኛልና አመሰግንሃለሁ። መልሴን ከመጻፌ በፊት ግን የምርጫውን ነገር ልንገርህ፤ ያለዚያ አይገባህም።

የሕንጻው ባለቤት ሁላችንንም አስወጥቶ፣ አፍርሶ በአዲስ ሊሠራው እንደሚፈልግ ታውቃለህ። ፈቃዱ የሚወጣው ከከተማው ምክር ቤት ስለሆነ፣ ዘንድሮ ከንቲባ መምረጥ ቤታችንን የመምረጥ ያህል ሆነብን። የሚፎካከሩት ሁለት ናቸው። አንዷ ወይዘሮ ሎውተን የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ ሕንጻው አይነካም ትላለች። ሌላው የእኛው ልጅ አሸናፊ ነው፤ ከተማው አዳዲስ ቤቶች ያስፈልጉታል ይላል። ልዕልት ከሥራ ስትወጣ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር፣ «ሎውተንን ምረጡ» እያለች በር ስታንኳኳ ከረመች። ጎረቤቶቻችን ስለ ቤታቸው ሲጨነቁ ይውሉና፣ «የአገር ልጅ እያለ?» የተባሉ እንደሆነ ያመነታሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ወዳጄ ታደለች ሳትቀር በየቀኑ እየደወለች ለአሸናፊ ትቀሰቅሰኛለች።

«አንቺ የሜሪላንድ ሰው ነሽ፤ እዚህ አትመርጪም፣ ምን አደከመሽ?» ብላት፣ «መምረጡ ቢቀርብኝ መናገሩም ሊቀርብኝ ነው?» አለችኝ።

ታዲያ ባለፈው ወር አሸናፊ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ መጣ። ንግግሩን እንደጨረሰ ከፊት ወደተቀመጥሁበት ቀርቦ ጎንበስ አለና «እማማ፣ ይመርቁኝ» አለኝ። ጎንበስ ያለ ልጅ ሳይመረቅ ቀና አይደረግም። እጄን ራሱ ላይ አድርጌ «ያሰብኸውን ይሙላልህ፤ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ» አልሁት። ፈተና ለሚፈተን ልጅም፣ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጣም የምለው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ሀሴት ስልኳን ይዛ መጣች። «ግራንማ፣ ዩ አር ፌመስ» አለችኝ፤ ዝነኛ ሆነሻል ማለቷ ነው። ፎቶው ላይ እጄ በአሸናፊ ራስ ላይ እንዳለ ይታያል፤ ከሥሩ «እናቶቻችን መርጠዋል» ተብሎ ተጽፏል። ያን ቀን ጎረቤታችን ሉባባ ልዕልትን ደረጃ ላይ አግኝታ፣ «አማትሽን ሳታሳምኚ እኛን ልታሳምኚ ነው እንዴ?» ብላ ስቃባታለች። ከዚያ በኋላ ያንኳኳችው በር ሁሉ ይህንኑ ይመልስላት ጀመር።

ልዕልት አላኮረፈችም። ጉልበቴን ልትቀባኝ ቅባቱን በመዳፏ እያሞቀች፣ «እማዬ፣ ምርቃትዎን የሚከለክልዎት የለም። ሰዉ ግን ቮት እንደሰጡት አድርጎ ነው የወሰደው» አለችኝ። ይህን ብላ ጉልበቴን ማሸቷን ቀጠለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች የሕንጻችንን ሰው ሊያነጋግሩ ምድር ቤት ወዳለው አዳራሽ መጡ። እጄን አውጥቼ ተነሣሁ።

«አሸናፊ ልጄ፣ የመረቅሁህን አልመልስም፤ ይደርብህ። ድምፄን ግን ገና አልሰጠሁህም። ይህን ሰው ሁሉ ይስማልኝ።»

ሰዉ ሳቀ። እርሱም አንገቱን እያሻሸ፣ «ልክ ነዎት፣ እማማ። የቅስቀሳ ልጆቹ ናቸው ፖስት ያደረጉት። ዛሬውኑ አስነሣዋለሁ» አለ። አስነሣውም።

አልተቀመጥሁም። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ነገር አሳምሮ የጻፈ ተማሪ የሚያገኘው ዜሮ ነበር፤ እኔም በዚያው መስፈርት ጠየቅኋቸው። «ከንቲባ ብቻውን ይህን ሕንጻ ከመፍረስ ሊያድን ይችላል ወይ?»

አሸናፊ «አይችልም» አለ። «በምክር ቤቱ ከሰባት ሰው አንዱ ነው። አድናለሁ ብል ዋሸሁ። ሲሠራ ግን የወጣው ሰው በቀድሞው ኪራይ ይመለስ የሚል ቃል ፈቃዱ ላይ እንዲገባ እታገላለሁ። እሱም ላይሳካልኝ ይችላል፣ እማማ።» ከኋላ አጉረመረሙበት።

ለሎውተን ጥያቄዬን በእንግሊዝኛ ያቀረበችልኝ ልዕልት ናት። ሴትዮዋ ብዙ ተናገረች፤ ስለ አያቷ፣ ስላደገችበት መንደር፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። የፈረንጅ ንግግር ሲፈጥን ያመልጠኛል። ልዕልት እንደፈለገች አሳምራ ብትተረጉምልኝ ማን ያውቅባት ነበር? ስንት ቀን በእግሯ የደከመችላት ሴት ናት፤ የሚፈርሰውም የራሷ ቤት ነው። እርሷ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እማዬ፣ ጥያቄዎን አልመለሰችልዎትም» አለችኝ።

ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ምስክርነት የሰማሁት ግን ከጥቂቶች ነው።

ትናንት ምርጫው ሆነ። ልዕልት ፈረቃዋን ለውጣ ራሷ ወሰደችኝ። መኪና ውስጥ ስገባ፣ «እንግዲህ የእኔን ድምፅ በእርስዎ ድምፅ ሊያጠፉብኝ ነው የምወስድዎት፤ ቀበቶዎን ይሰሩ» ብላ ሣቀች። በዕድሜ የገፋ ሰው ከመኪና ሳይወርድ መምረጥ ይችላል ቢሉኝም እምቢ ብዬ በእግሬ ገባሁ። ወረቀቱን ያለ ማንም እርዳታ አነበብሁ፤ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ክብ ከመስመሯ ሳላሳልፍ አጠቆርሁ። ማንን እንደመረጥሁ ልዕልት አልጠየቀችኝም። ለአንተም አልነግርህም።

እስከ ዛሬ ጠዋት ማን እንዳሸነፈ አልታወቀም። ሁለቱ በጣም ስለተቀራረቡ በፖስታ የመጣው ድምፅ እስኪቆጠር እንጠብቃለን።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። አልመጣም። ሕንጻው ቢቆም እዚሁ ነኝ፤ ቢፈርስም ልዕልት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ውድብሪጅ፣ የኪራይ ቤት ስትጠይቅ ሰምቻታለሁ፤ «ደረጃ የሌለው ይሁን፣ እናቴ ጉልበቷን ያማታል» ስትል። ፍርድ ቤቱ አንተንና ልዕልትን ሲያፋታ የእኔን ነገር ያነሣ አልነበረም። አንተ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ፤ እርሷ እንደ ሁልጊዜው አልጋዬን አነጠፈች። አልወቅስህም፤ በመካከላችሁ የሆነውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ነገር ግን ሰው ያላንዳች ግዴታ ሲያኖረኝ፣ የሚያስጨንቅ ነገር በመጣ ቀን ጥዬው ልሄድ አልችልም። ስለ እርሷ እግዚአብሔርን ሳላመሰግን የተኛሁበት ቀን የለም።

ሀሴት ትኬቱ በሌላ ሰው ስም አይዞርም ትላለች። እንግዲያው መልሰውና ለእንቁጣጣሽ አንተ ና። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድማ የምትከፍተው ልጅህ ናት። የት ታድራለህ የሚለው አሳስቦኝ ለራሴ ሳጉረመርም፣ ልዕልት ሰሃን እያጠበች ነበር። ፊቷን ሳታዞር «ሶፋው ይዘረጋል» አለች።

ጉዞህን ያቅናልህ፤ የሠራኸውን ይባርክልህ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። የቀረውን ምርቃት ስትመጣ ጎንበስ ብለህ ትቀበላለህ።

እናትህ
ስመኝ ከፈለ