ቀለም ቀቢው ባሌት ሲማር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት ፊዚዮቴራፒ፣ ከዚያ ቤት። ሚስቴ ከሥራ ስትመጣ ድንች ልጬ፣ ልብስ አጥፌ፣ የጓዳውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀብቼ አገኘችኝ። አመሰገነችኝ። ምስጋናዋ ራሱ አናደደኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ፎቅ የቀባ ሰው በድንች ይመሰገናል?

ባለሙያዋ ቁርጭምጭሚቴ ድኗል አለችኝ። አጥንቱ ገጥሟል፣ ጡንቻውም ደህና ነው። ታዲያ በቀኝ እግሬ ብቻ ስቆም ለምንድን ነው እንደ ሰካራም የምወዛወዘው? ሚዛንዎ ነው የጠፋው አለች። ከመሰላል ከወደቅኩ ሰባት ወሬ። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"ሰፈራችሁ ያለው የዳንስ ትምህርት ቤት ለአዋቂ ጀማሪዎች ባሌት ያስተምራል። ለምን አይሞክሩትም?"

የምታሾፍ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አታሾፍም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሄድኩ። ለሚስቴ ብቻ ነግሬ። አልሳቀችም። ዘወር ስትል ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ረጅም ክፍል፣ አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መስታወት። ትይዩው ግድግዳ ላይ ወገብ የሚደርስ የእንጨት ዘንግ ተገጥሟል፤ እሱን ይዞ በሙዚቃ ነው የሚሠራው። ስምንት ሴቶችና እኔ። ከፊቴ የቆመችው ፋርማሲስት ናት። ከኋላዬ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ ሰባ ዓመታቸው። አስተማሪዋ ቀጭን፣ ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ስሜን አልጠየቁኝም፤ ሥራዬን ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ "ቀለም ቀቢው" ሆኜ ቀረሁ።

ተረከዝ ገጥሞ፣ የእግር ጣት ወደ ውጭ አዙሮ፣ ጉልበት አጠፍ፣ ቀጥ። ይኸው ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ ነው። የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር... በአሥር ደቂቃ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ቀለም የነካካው ቱታ ለብሷል። በካልሲ ነው፤ በእሱ ቁጥር የባሌት ጫማ የለም፣ ይታዘዛል ተብሏል። ፊቱ ጥርሱን የሚነቅሉት ይመስላል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጭኔ አለቀ። ደረጃውን የኋሊት ወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ "እጃችሁን ከዘንጉ ላይ አንሱ" አሉ። በአንድ እግር ቆሞ፣ ሌላውን አጥፎ፣ ሳይደገፉ እስከ ስምንት መቁጠር። በግራ ቻልኩ። በቀኝ... እጄ እምቢ አለኝ። ልቀቅ እለዋለሁ፣ አይሰማም። አዋላጇ ለቀቁ። በሰባ ዓመታቸው።

አስተማሪዋ አጠገቤ ቆመው ጣቶቼን አዩ። አይተው አለፉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

አማቼ ለምሳ መጣ። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ቀብተናል። ጋሼ መቼ ነው የምትመለሰው፣ ብቻዬን አልቻልኩትም እያለ በላ፣ ቀለደ፣ አሳቀን። እኔም ሳቅኩ። ከአንገት በላይ።

እሱ ሲሄድ ሚስቴ፣ ወንድሜን እንደ ባዕድ ነው የምታየው አለችኝ። ምን ልበላት? ለሰው ሁሉ የተነገረው፣ ወለሉ እርጥብ ስለነበር መሰላሉ ተንሸራተተ ተብሎ ነው። ወለሉ ደረቅ ነበር። መሰላሉን መያዝ የነበረበት እሱ ነው። ለቆት ስልክ ሊያነሳ ወደ መስኮቱ ሄደ። "እርጥብ" የሚለውንም ሆስፒታል ተኝቼ ከእሱ አፍ ነው የሰማሁት። ዝም አልኩ። ወንድሟ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጫማው መጣ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እግር ላይ እንደ ጓንት የሚሆን። ጫማውማ አምሯል። እግሩ ያው ነው። ዘጠነኛ ቀኔ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጥዬ ወጣሁ።

ሁለቴ ሞከርኩ። ሁለቴም እጄ ገና ከመነሳቱ ተመልሶ ዘንጉን ጨበጠ። አስተማሪዋ መሬት መሬቱን ለምን ታያለህ አሉኝ፣ በቀስታ። ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም አልኳቸው። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሁሉም ዞረው አዩኝ። የመንገድ ጫማዬን አንጠልጥዬ በባሌት ጫማ ደረጃውን ወረድኩ፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ቀየርኩ።

ሴትዮዋ ምን አደረጉኝ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄን። አህያውን ደግሞ አውቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አልሄድኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

አልሄድኩም። ማንም አልደወለም። ይደውላሉ ብዬ ነበር እንዴ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሳልነግረው አማቼ የሚሠራበት ቤት ሄድኩ። ባዶ ሳሎን፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል። የቀለሙ ሽታ... ናፍቆኝ ኖሯል ለካ። መሰላሉ ቆሟል። ሦስት ደረጃ ወጣሁ። አራተኛው ላይ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አማቼ ሮለሩን ጥሎ መጥቶ ከታች ያዘ።

"አይዞህ ጋሼ፣ ይዤዋለሁ።"

"ያን ቀንም ይዤዋለሁ ብለኸኝ ነበር" አልኩት።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ወረድኩ። እሱ መሰላሉን እንደጨበጠ ቀረ። ከዚያ፣ ግድግዳውን እያየ፦

"ስትወድቅ ድምፁን ሰምቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ስልክ በጠራ ቁጥር እሱን ነው የምሰማው።"

ለእህቴ ራሴ እነግራታለሁ አለ። ተው አላልኩትም።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ነገራት። አልጮኸችበትም። ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረች። እሱስ ፈሪ ነው፣ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ አለች። አንተ ግን ስምንት ወር አጠገቤ እየተኛህ... አልጨረሰችውም። ለአንቺ ብዬ ነው ዝም ያልኩት አልኳት።

"ለእኔ ብለህ ዝም ያልከውን፣ ስምንት ወር እኔው ላይ ስትወጣው ነበር" አለችኝ።

ድንቹ፣ ምስጋናው፣ ኩርፊያው... እውነቷን ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ተመለስኩ። አስተማሪዋ ሰዓታቸውን አይተው አርፍደሃል፣ ቦታህን ያዝ አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በእጃቸው ወደ ዘንጉ አመለከቱኝ። ፋርማሲስቷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ቀኝ እግሬ አሁንም አልቻለም። ተናገርኩ እኮ፤ በሆዴ የነበረው ሁሉ ወጣ እኮ። ልቤ ሲቀል ሚዛኔም አብሮ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ሞኝ። እግር ምን ያውቃል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

አንድ ጣት ብቻ ዘንጉ ላይ። አንዷን ጣት ማንሳት አቃተኝ! ትንሿን ጣት! ቤት ስገባ ሚስቴ ፊቴን አይታ ወንበር ሳበችልኝ። ተቀምጬ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ስለ ጣቷም ጭምር። ይሄን ያህል ካወራን ቆይተናል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ለቀቅኩ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አምስት ላይ ወደቅኩ። በቂጤ፣ ዘፍ። ፋርማሲስቷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስወድቅ የመጀመሪያዬ ነው። በጀርባዬ ተንጋልዬ የሚመጣውን ጠበቅኩ። ሕመሙን፣ ጩኸቱን፣ የአምቡላንሱን... ምንም አልመጣም። ቂጤን አመመኝ፣ በቃ።

አስተማሪዋ ከላይ ሆነው አዩኝ። "ሙዚቃው አላለቀም" አሉኝ።

ተነሳሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ሥራ ጀመርኩ። ሦስት ክፍል፣ ጣሪያው ሁሉ ነጭ። አማቼ ጣሪያ ጣሪያውን ለእኔ ተወው፣ አንተ በርና መስኮቱን ያዝ አለኝ። እስከ ምሳ እሺ አልኩ። ከምሳ በኋላ መሰላሉን ራሴ አቆምኩት። እሱ መጥቶ በሁለት እጁ ያዘ። ስድስት ደረጃ። እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ ዛሬም። በሚንቀጠቀጥ እግርም ይቀባል ለካ። አንዱን የጣሪያ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ጨርሼ ወረድኩ። መስመሩ ትንሽ ጠሟል። ነገ አስተካክለዋለሁ።

ብሩሽ ስናጥብ ነገ አሥር ሰዓት ላይ እወጣለሁ አልኩት። የት አለኝ። ባሌት አለኝ አልኩት። ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ፊቴን ሲያይ ተወው።

"የምርህን ነው ጋሼ?"

"በቀኝ እግሬ እስከ ስድስት እቆማለሁ" አልኩት። "ስምንት ገና ነው።"