ቁልፉ የሰገደበት ዓርብ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
አቃቂ ቃሊቲ
የጸሐፊው ዕድሜ፦ ሰማንያ አንድ ዓመት ከአራት ወር

ለክቡር አቶ አሻግሬ ተሰማ
የግቢያችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበርና የሁለቱም በሮቻችን ባለሥልጣን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎስ እንዴት አደረ? ትናንት ከማለዳ እስከ ምሽት በቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ መዋልዎን ስለማውቅ፣ ዛሬ ደረጃ መውጣትና መውረዱ እንዳይከብድዎ ከልቤ እሰጋለሁ። ስለ እኔ ጉልበት ግን አያስቡ፤ በእርስዎ ቸርነት ከጓሮው በር ያለፈ መንገድ አልሄደም። በአካል ቀርቤ እጅዎን ጨብጬ ሰላም ማለት በተገባኝ ነበር፤ ነገር ግን በሰሙነ ሕማማት የይሁዳን ሰላምታ እያሰብን መሳሳሙንም መጨባበጡንም እንተዋለንና፣ በጽሑፍ ብቻ እጅ እነሣለሁ። ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት የዘንድሮን ያህል ጠቅሞኝ አያውቅም።

ምናልባት ከሥራዎ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ በአራተኛው ፎቅ የምኖረው፣ ዕድሜዬን አማርኛ በማስተማርና ጥቂት መጻሕፍት በመጻፍ የፈጀሁት ሽማግሌ ነኝ። ባለቤቴን ወይዘሮ አደሴን ግን እንደማይረሷት እተማመናለሁ፤ ምክንያቱም ኮሚቴዎ በየወሩ የሚሰበሰብበት አዳራሽ የቆመው በአባቷ በአባ ደበላ የምስር ማሳ ላይ ነው። ይህ ግቢ ሕንፃ ሳያበቅል በፊት ጤፍና ምስር ያበቅል ነበር። አባ ደበላ በሆሳዕናም ሆነ በስቅለት ነጭ ለብሰው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው፣ በማሳቸው ጥግ ባለች ቀጭን መንገድ ወንዙን ተሻግረው ወደ ኪዳነ ምሕረት ይሄዱ ነበር። እኔም አደሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት በዚያች መንገድ ላይ ነው። ግቢው ሲታጠር መሐንዲሶቹ ከጓሮ በኩል ትንሽ በር የተዉት ለእኛ አዝነው አይደለም፤ የሰው እግር አስቀድሞ ንድፉን ስለጨረሰው ነው።

እንግዲህ ስለዚያች በር አቤቱታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባለፈው እሑድ የሆሳዕናን ዘንባባ ይዤ ስመለስ፣ በጓሮው በር የብረት ፍርግርግ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለውን ማስታወቂያዎን አነበብኩ። «በበዓሉ ሰሞን የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት የጓሮው በር እስከ ፋሲካ ማግስት ሰኞ ዝግ ሆኖ ይቆያል። ነዋሪዎች በዋናው በር ይጠቀሙ» ይላል። ከሥሩ ፊርማዎ፣ ከፊርማዎ ላይ ማኅተሙ አርፏል። ድርሰት ለብዙ ዘመን እንዳስተማረ ሰው፣ ይህን ያህል ሕዝብ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማሰር የቻለ ብዕር አይቼ ስለማላውቅ አደንቅዎታለሁ። ዋናው በር ፊት ለፊት ለፍሳሽ የተቆፈረው ቦይ ክረምቱን ሊቀበል አፉን ከፍቶ እንደሚጠብቅ፣ በላዩ የነበረችውም ሳንቃ ከተሰረቀች መሰንበቷን ኮሚቴው ያውቃል። ወጣቶቹ ይዘሉታል። እኔ ግን ወላጆቹ አሻግሬ ብለው ስም ያወጡለትን ሰው ሊቀመንበር አድርጌ ስመርጥ፣ ዝላይ የምማር አልመሰለኝም ነበር።

ደግሞም አንድ ነገር ላጽናናዎ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፍ ሁሉ ጸሎቱ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ እንደሚደርስ ያውቃሉ። እኔም በእሑዱ ፍትሐት ላይ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ። ስለዚህ ምናልባት ቦዩን ልሻገር ስል ብወድቅ ኮሚቴው ስለ ጸሎቱ እንዳይጨነቅ፤ ተደርሶልኛል። የሚቀረው አስከሬኔ በየትኛው በር እንደሚወጣ በቃለ ጉባኤ መወሰን ብቻ ነው።

ሁለተኛ። በሩ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ፈጽሞ አልተከፈተም ብል ውሸታም እሆናለሁ። እርስዎ ሲወጡ ይከፈት ነበር፤ እርስዎ ሲገቡም ይከፈት ነበር። ከበረንዳዬ ሆኜ ወደ ማረሚያ ቤቱ አቅጣጫ ስመለከት ስንቅ የያዙ ጠያቂዎች ሲሄዱ አያለሁ፤ እነርሱ የሚጠይቋቸው ሰዎች እንኳ በራቸው መቼ እንደሚከፈት ያውቃሉ። እኛ ግን የእርስዎን የጫማ ድምፅ ከደረጃው ላይ ማዳመጥ ነበረብን። ሐሙስ ዕለት ለእግር ማጠቡ ሥርዓት ልደርስ ብዬ ጫማዬን እስካስር ድረስ አልፈው ሄደው ነበርና፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ዕለት ቤቴ ጉልባኔን እየበላሁ፣ የገዛ እግሬን እያየሁ ዋልኩ።

ሦስተኛ። ስለ ትናንቱ ዓርብ።

አደሴ ካለፈው ክረምት ወዲህ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋታል። ስለዚህ በስቅለት የምሰግደው ግማሹን ለራሴ፣ ግማሹን ለእሷ ነው፤ ማታ ስመለስም በየሰዓቱ ምን እንደተነበበና ማን እንደመጣ፣ የአባቷ መቃብር ሣሩ ማደጉን አለማደጉን ሁሉ እነግራታለሁ። ትናንት ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከዘራዬን ይዤ ስወርድ በሩ ተቆልፏል። የጥበቃ ሠራተኛችን ሰቦቃ ራሱን እያከከ፣ «አባባ፣ ጋሽ አሻግሬ ጎህ ሲቀድ ወጥተው ከውጭ ቆለፉት። ቁልፉ ከእሳቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን ነው» አለኝ። ደውልላቸው እንጂ ስለው፣ «ስልካቸው ዝግ ነው። በስግደት ላይ ስልክ ነውር ነው ብለው የመከሩን እሳቸው አይደሉ?» አለ። ሰብረህ ክፈተው ያሉትም ነበሩ። «መስበሩንስ እሰብረው ነበር፤ ሰኞ ግን እሳቸው እኔን ይሰብሩኛል» ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው።

ክቡር ሊቀመንበር፣ በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ። አማኞች ደጅ ሆነው ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋባቸው ሰምቻለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አማኞቹ ከቤታቸው መውጣት አቅቷቸው፣ የቆለፈባቸውም ሰው ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ሲሰግድ ግን ያየሁት ትናንት ነው። ቁልፉ ከኪስዎ ሆኖ ከእርስዎ ጋር ሲወድቅ ሲነሣ ዋለ። በሕይወቱ አንድ ኃጢአት የሌለበት ብረት ስቅለትን ሰገደ፤ እኛ ኃጢአተኞቹ ግን ከፍርግርጉ ወዲህ ቀረን።

እዚያው ልንሰግድ ወሰንን። ቦዩን መዝለል የማይችሉት ሁሉ፣ የግቢው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አንዲት እርጉዝ ሴትንም ጨምሮ፣ ፊታችንን ወደ በሩ አዞርን፤ ኪዳነ ምሕረት በዚያ በኩል ናትና። በድምፅ ማጉያው «ኪርያላይሶን» የሚለው ዜማ በነፋሱ እየተቆራረጠ ሲመጣ ወደቅን፤ ተነሣን። ቀና ባልን ቁጥር ግን ዓይናችን የሚያርፈው በማስታወቂያዎ ላይ ነበር። አደሴ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስታየን ቆይታ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «አንተ ሳህሌ! ለማን ነው የምትሰግደው? ለአሻግሬ ማኅተም ነው?» ብላ ጮኸች። በስቅለት መሳቅ እንደማይገባ አውቃለሁ። ስቄያለሁ፤ ንስሐዬንም ከእርስዎ ጋር እካፈላለሁ።

ከበሩ ውጭ ሱቅ ያለውን የስልጤውን ልጅ ዚያድን ያውቁታል፤ ሱቁ መንገድ ዘጋ ብለው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውታል። እርሱ ራዲዮኑን አጥፍቶ፣ «አባባ፣ ይሄ ድንጋይ ጉልበት ይበላል» እያለ የካርቶን ንጣፍ በፍርግርጉ ሥር ሲያሾልክልን አረፈደ። እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ተመልሶም እዚያው ሲያገኘን በመገረም ቆሞ፣ «እኔ እኮ ጁምዓዬን ሰግጄ መጣሁ! እናንተ አሁንም በሩ ላይ ናችሁ?» አለን። «ሊቀመንበራችን ስለ እኛ እየሰገዱ ነው» አልኩት።

አራተኛ። አመሻሽ ላይ የወይራ ቅጠል ነጠላዎ ላይ ተጣብቆ፣ ፊትዎ በጾምና በጸሎት ገርጥቶ መጡ። በሩን ከፍተው ስንገናኝ፣ «ኧረ አባባ! ዘንድሮ እንዴት ከስግደት ቀሩ? በዓይኔ ስፈልግዎት ነው የዋልኩት። ደከሙ እንዴ?» አሉኝ። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። እኔን ለማግኘት የወንዶቹን በኩል፣ የዛፉን ጥላ፣ የደጀ ሰላሙን አጥር ሁሉ እንደተመለከቱ አልጠራጠርም። ኪስዎን ግን አልፈተሹም።

አምስተኛ። ዛሬ ጠዋት ካህናቱ የቀዳም ሹርን ቀጤማ ይዘው፣ የምሥራቹን እያበሠሩ በየቤቱ ሲዞሩ ከዋናው በር ማዶ ቦዩን አይተው ተመልሰዋል። አደሴ እንደ ሁልጊዜው በግንባሯ የምታስረውን ቀጤማ ስትጠብቅ አርፍዳ፣ በመጨረሻ ከአበባ ማሰሮዋ አንድ ቅጠል ቀጥፋ አሰረች። ይህን በተመለከተ ቀልድ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ልመናዬ እመጣለሁ። አደሴ ዛሬ ሌሊት ትንሣኤውን በድምፅ ማጉያ ሳይሆን እዚያው፣ በአባቷ መቃብር አጠገብ ተቀምጣ ልትሰማ ትፈልጋለች። ልጅ ሳለች ጧፍ ይዛ በቆመችበት ሥፍራ ማለት ነው። «ለከርሞ ማን ያውቃል፣ ሳህሌ» አለችኝ። በወንበር ተሸክመን እንወስዳታለን። ወንበር በቦይ ላይ አይዘልም። የሚያወጣን ያቺ አባቷ የሄዱባት የጓሮ በር ብቻ ናት፤ ማስታወቂያዎ ደግሞ እስከ ሰኞ ዝግ ናት ይላል። ሰኞ ትንሣኤ እንደማይሆን ለሊቀመንበር ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ከሌባ ስለ ጠበቁን አመሰግናለሁ። በእርግጥም በዚህ ሳምንት አንድም ሌባ አልገባም፤ ከሰሙነ ሕማማታችን በቀር የተወሰደብንም ነገር የለም። ስለ ሥርዓት አክባሪነትዎ፣ ስለ ማኅተምዎ ጥራት፣ ስለ ጉልበትዎም ብርታት ምስጋናዬን ደግሜ አቀርባለሁ። ቅን ልብዎን አልጠራጠርም፤ እንዲያውም ያሠጋኝ እርሱ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ቆልፎ ቤቱ ይቀመጥ ነበርና ሄደን እናንኳኳበት ነበር።

በጾም ለዛለው ሰውነትዎ ብርታትን፣ ለቤትዎ በረከትን፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለእኛም አጭር የኮሚቴ ዘመንን እየተመኘሁ፣ ከፍርግርግዎ ወዲህ ሆኜ፣ በማኅተምዎ ፊት እንደ ትናንቱ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ሳህሌ አጥናፉ
የአማርኛ መምህር በጡረታ፣ የአባ ደበላ አማች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ማታ ከስግደቱ ድካም የተነሣ በሩን ቆልፈው ሲገቡ ቁልፉን ከነማንጠልጠያው ጓጉንቸሩ ላይ ረስተውት ሄደዋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይደርስበታል፤ በተለይ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ የዋለ ሰው። ሰቦቃ አላየውም፤ እኔ ዛሬ ካህናቱ ከተመለሱ በኋላ አየሁት፣ አነሣሁትም፣ አሁን አደሴ ትራስ ሥር በክብር ተቀምጧል። ሰኞ፣ ማስታወቂያዎ እንዳለው፣ እመልስልዎታለሁ። ዛሬ ሌሊት ግን በሩ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ያድራል፤ ለእርስዎም ጭምር፤ እኔ ስወጣ ከኋላዬ አልቆልፍም። ወንበሩን ለመሸከም ሰቦቃ ፈረቃውን ጨርሶ፣ ዚያድ ሱቁን ዘግቶ፣ የሁለተኛ ፎቁም ኤባ ሊመጡ ቃል ገብተዋል። አራተኛ ትከሻ ጎድሎናል። ትናንት በዓይንዎ ሲፈልጉኝ ስለዋሉ፣ ዛሬ የት እንደምገኝ ልንገርዎ፦ ከበሩ ላይ ነኝ።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ከማስታወቂያዎ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ዋናውን አሽጌ በቤትዎ በር ሥር ልኬልዎታለሁ፤ የጓሮውን በር ግን አላሸግሁትም።