ስልኬ «ደህና ነሽ» ያለኝ ማለዳ

ማክሰኞ

ጋሽ ተፈራ ጎህ ሳይቀድ መጡ። የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ጎረቤቴ አስካለም ከኋላቸው አለች፤ ዓይኗን አታሳየኝም።

«አልማዝ፣ ዛሬ ግፊትሽን ተለካሽ ወይ?» አሉኝ።

በዚህ ሰዓት ለዚህ መምጣታቸው ገረመኝ። ግን ተለካሁ። መለኪያውን የገዛልኝ ልጄ ዮናስ ነው፤ ከስልኬ ጋር ያገናኘውም እሱ። መለኪያው ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ለቀቀኝ። ስልኬ ላይ አረንጓዴ በራ። ደህና ነሽ ማለት ነው። እንደ ሁልጊዜው ቁጥሩን ለዮናስ በቴሌግራም ላኩለት።

ጋሽ ተፈራ ስልኬን አይተው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። ዮናስ ከሽሮ ሜዳ የጫነውን ጋቢ ሐዋሳ አድርሶ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ።

ከሰዓት ቀበርነው። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ

ድንኳኑ ሰው ሞልቶታል። መድኃኒቴን አልዋጥኩም። መለኪያውን አልጋ ስር ወረወርኩት። ልጄ በሞተበት ማለዳ ደህና ነሽ ያለኝን ዕቃ ምን አደርገዋለሁ?

የላኩለት መልእክት አልደረሰውም። ሌላ ቀን ቢሆን «ጎበዝ እማዬ» ይለኝ ነበር።

ልነሳ ስል አዞረኝ። ልጄ ሄለን አየችኝ። «እማዬ፣ በሞቴ፣ ተለኪ። አንቺንም ልቅበር?» አለችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሐሙስ፣ ሠልስት

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሽ ተፈራ ራሳቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ፀሐዩ ነው አሉ። መርዶውን ከነገሩኝ ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም።

አስካለ መለኪያውን ከአልጋ ስር ጎትታ አመጣችው። «ነይ ለኪያቸው። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ዮናስ እንዳሳየኝ አስቀመጥኳቸው። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ነክቶ፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ። ሲለኩ ወሬ የለም። ጋሽ ተፈራ ግን አላስቻላቸውም።

«እኔ ምን ግፊት አለብኝ? ግፊት ያለባት ሚስቴ ናት።»

«የእሷ ግፊት እርስዎ ነዎት! አሁን ዝም ይበሉ» አለች አስካለ።

ድንኳኑ ሳቀ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ። ወዲያው አፈርኩ።

ከዚያ ስልኬ ላይ ቀይ በራ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ለካኋቸው። ቀይ ነው። ሄለን ታክሲ ጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ቀይ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዓርብ

ጋሽ ተፈራ ቀለል ብሏቸዋል። ሐኪሟ «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ያሰጋ ነበር» ብላለች። ባለቤታቸው ደውላ «የዮናስ ዕቃ ናት ያተረፈችልኝ» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ስሙን ሰው ሲጠራው ደስ አለኝ።

ቀኑን ሙሉ አሰብኩት። መለኪያው ማክሰኞ አልዋሸኝም። ያኔ ገና አልሰማሁም ነበር፤ ያ ብቻ ነው።

መድኃኒቴን ዋጥኩ። ጀርባዬን ተደግፌ፣ እግሬን መሬት አስነክቼ ተለካሁ። ብርቱካናማ። ጥሩ አይደለም፤ ቀይም አይደለም። ልልክ ስል ጣቴ ወደ ዮናስ ስም ሄደ። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ለሄለን ላኩት።

ጓዳ ነበረች። የስልኳ ድምፅ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ ሲቃዋ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ነገ ምን እንደሚበራ አላውቅም። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ለእኔ አትጨነቁ፤ ለልጄ ጸልዩልኝ። ቤት ውስጥ ዮናስ ነው የምንለው። በጸሎት ስታስቡት ግን የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው።