የጊፋታ መደብዎ በማጣራት ላይ ነው

መስከረም 6 ቀን 2004 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

ለክቡር አቶ ሶርሳ ጦና
የመሥሪያ ቤቱን ስም ከአክብሮት የተነሣ ለማልጠራው የግብር ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ኢየሩሳሌምና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ለጥርስዎና ለጨጓራዎ አብዝቼ እመኛለሁ፤ ጊፋታ ሊገባ ጥቂት ቀናት ብቻ ስለቀሩና ከዚህ በታች የማቀርበው ጉዳይ ሁለቱን በቀጥታ ስለሚመለከት ነው። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ፋይሌ ነው።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ኤልሳዕ ባዳቾ እባላለሁ። ከግቢዎ ዝቅ ብሎ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት፣ የሳሎንዎን ቁም ሳጥን የሠራሁት አናጢ፣ እንዲሁም እርስዎም አባል የሆኑበት የሰፈራችን የጊፋታ በሬ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ማዕረግ እባክዎ በአእምሮዎ ይያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና በሥራ ቤቴ በር ላይ ስለተለጠፈ ከሌላ አገር የመጣ መንገደኛም ሊያነበው ይችላል፤ ስለዚህ ለእንግዳው ሁለት ነገር ላስረዳ። በእኛ በወላይታ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያዋጣን በሬ እንገዛለን፣ ሴቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲደርስ በሬው ታርዶ በመደብ በመደብ ይከፋፈላል። ዕዳና ቂም ይዞ ወደ ጊፋታ መሻገር ደግሞ ነውር ነው፤ ያለበት ይከፍላል፣ የተጣላ ይታረቃል። እርስዎ ይህን ከእኔ እኩል ያውቁታል፤ የሚያበግነኝም እሱ ነው።

ቢሮዎ በተራ ቁጥር ያልተቀመጠ ነገር እንደማያነብ ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። ቀድሞ ደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበርኩ፤ ይኸውም የሂሳብ መዝገብ የማይይዝ፣ ግብሩ በግምት የሚቆረጥለት ትንሽ ነጋዴ ማለት ነው። ግምቱ እንዴት እንደሚሠራ ያየሁት የገማቹ ኮሚቴ ሥራ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ የሚወስደው ጠፍቶ ጥግ ላይ የተቆለለውን የሰጋቱራ ክምር አይቶ፣ ይህን ያህል ሰጋቱራ ያለው ሰው ይህን ያህል ገቢ አያጣም ብሎ የቀን ገቢዬን ሲወስን ነው። ያን ጊዜ ነው እርስዎ በአዳራሽ ሰብስበውን፣ ከግምት መገላገል የፈለገ በፈቃዱ መዝገብ ይዞ እንደ ደረጃ ለ ያስታውቅ፣ መዝገብ የያዘን ሰው ሕግ ይጠብቀዋል፣ ከሚገባው በላይ የከፈለም ትርፉ ይመለስለታል በማለት ያስተማሩን። ንግግርዎ እጅግ የሚያምር ስለነበር አጨብጭቤያለሁ። ከጭብጨባው በኋላ እጄን አውጥቼ በፈቃዴ የተመዘገብኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ፤ ሌሎቹ ነጋዴዎች ያን ቀን ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

2ኛ/ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። በ2002 ለአንድ ትምህርት ቤት ዴስክ ሠርቼ ሳስረክብ ከክፍያዬ ላይ ከመቶ ሁለት እጁ ለግብር በቅድሚያ ተቆርጦ ወደ እናንተ ገባ። የጣውላ ዋጋ በመናሩ ትርፌ ስላነሰ፣ በሐምሌ ሂሳቤን ሳቀርብ ከሚፈለግብኝ ግብር የተቆረጠብኝ በልጦ ተገኘ፤ ልዩነቱ ሊመለስልኝ እንደሚገባም የእናንተው ባለሙያ ፈርሞ አረጋገጠ። በመስኮቱ ያሉት ወይዘሮ ፀዳለ፣ ትሕትናቸው ይባረክና፣ ወይ በጥሬ ገንዘብ እንድወስድ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ግብር እንዲዛወርልኝ አማራጭ ሰጡኝ። ሦስተኛውን አማራጭ፣ ማለትም ነገሩን እርግፍ አድርጌ እንድተወው፣ በአፋቸው ሳይሆን በቅንድባቸው ነበር የነገሩኝ፤ በወቅቱ አልገባኝም። ጊፋታ እየቀረበ ስለነበር በጥሬ ገንዘብ አልኩ። እርስዎም በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝተውኝ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው ከጊፋታ በፊት በእጅህ ይገባል አሉኝ፤ እኔም አመንኩ።

3ኛ/ ስለ ማጣራቱ አመሰግናለሁ። ግብር የሚከፍልን ሰው እንዲሁ የምትቀበሉ፣ ተመላሽ የጠየቀን ግን ከሥሩ የምትመረምሩ መሆናችሁን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኦዲተሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ከስብሰባው ሲመለሱ ለሥልጠና ሄዱ፣ ከሥልጠናው ሲመለሱ ፋይሌ የለም ተባለ። በመጨረሻ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር በስሕተት ተጭኖ ዲምቱ ከተማ ድረስ መሄዱ ሲነገረኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀናሁበት፤ እኔ በዚያ ዓመት ከኮሪደራችሁ በቀር የትም አልሄድኩም። እዚያው ኮሪደር ላይ ያለው የባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ሁሉ ወደ ግራ እንዳዘነበለ ተራውን ይጠብቃል። ሙያዬ ስለሆነ መጋዝና መዶሻ ይዤ መጥቼ በነጻ ልሥራላችሁ ብዬ ብጠይቅ፣ ጨረታ ሳይወጣ እንደማይቻል ተገለጸልኝ። ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ፤ ጨረታውን አሁንም እየጠበቅሁ ነው።

4ኛ/ ስለ አምናው ጊፋታ። እዚህ ላይ የምስጋና ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

የዴስኩን ጣውላ በዱቤ የሰጠኝ የቦምቤው ጣውላ ነጋዴ ሻንቆ ነው። የእርስዎን ቃል ይዤ፣ ከጊፋታ በፊት እከፍልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ሻንቆ መጣ፤ አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም፤ እሱም በሬ የሚገዛበት ማኅበር እንዳለው፣ ልጆችም እንዳሉት ብቻ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። የእናንተ ገንዘብ አልመጣም። በዕዳ መሻገር ስላልቻልኩ ዓመቱን ሙሉ በማኅበራችን ያጠራቀምኩትን የራሴን መዋጮ አውጥቼ ለሻንቆ ሰጠሁት። ገንዘብ ያዡ እኔ ስለሆንኩ ለራሴ ከፋይም ፈራሚም እኔው ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ፈጣን ተመላሽ በወላይታ ምድር የተፈጸመ አይመስለኝም።

ጊፋታ ሲደርስ በሬውን አሳረድኩ፣ መደቡን አስደለደልኩ፣ ዕጣውን አስወጣሁ። እርስዎ ያን ቀን ስለ መልካም አስተዳደር ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ የእርስዎን መደብ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ ቤትዎ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ሽታዬ ያጠራቀመችው ቅቤ ነበር፣ ቆጮው ነበር፣ የሥጋው ማባያ ዳጣው ተፈጭቶ ነበር፤ ሥጋ ብቻ አልነበረም። ጎረቤት ጉዳችንን እንዳያውቅ ብላ ባዶ መክተፊያ ላይ ቢላዋ ስታንኳኳ አረፈደች። እኔ ያንን ድምፅ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አፈርኩ ብል ያንሳል፤ ተዋረድኩ፤ በልጆቼ ፊት ተዋረድኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ መክተፊያውን አልረሳሁትም።

5ኛ/ ስለ ቅጣቱ አመሰግናለሁ። የዘንድሮውን ግብር ልከፍል በጳጉሜን መጨረሻ ብመጣ መስኮቱ በስብሰባ ምክንያት ተዘግቶ ጠበቀኝ፤ የእንቁጣጣሽ በዓል አልፎ ስመለስ ደግሞ ዘግይተሃል ተብዬ ተቀጣሁ። እጃችሁ ላይ ዓመት ካለፈው ገንዘቤ ላይ ቀንሱልኝ ብል፣ የማቀናነሻ ጥያቄ የሚቀርበው በሌላ መስኮት እንደሆነ፣ የዚያ መስኮት ባለሙያም ለጊዜው እንዳልተመደበ በትሕትና ተነገረኝ። የእኔ አንድ ቀን ቅጣት አለው፤ የእናንተ ዓመት ግን ማጣራት ይባላል።

እንግዲህ ወደ ማዕረጌ ልመለስ።

ክቡር ሆይ፣ በማኅበራችን መዋጮዎን በየወሩ ሳያጓድሉ የሚከፍሉ አርአያ የሆኑ አባል ነዎት፤ የዘንድሮውንም አሟልተው ከፍለዋል። ማኅበሩ ከእርስዎ ቢሮ ተሞክሮ በመቅሰም ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ በእኔ ሥራ ቤት ተሰብስቦ መሠረታዊ የአሠራር ለውጥ አድርጓል። አባላቱ ሁሉ ግብር ከፋዮች ስለሆኑ ውሳኔው በሙሉ ድምፅና በረጅም ሳቅ ጸድቋል። ያልተገኙት እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

በውሳኔው መሠረት የጊፋታ መደብዎ በማጣራት ላይ ይገኛል። መደቡ የእርስዎ ለመሆኑ ማንም አልካደም፤ የእኔም ገንዘብ የእኔ መሆኑን ከቢሮዎ የካደኝ የለም። የእርስዎ መሆኑ ሌላ፣ ለእርስዎ መድረሱ ሌላ መሆኑን ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። አማራጭ እንዳላሳጣዎት ግን በሦስት ደረጃ አቅርቤልዎታለሁ፤ የመረጡትን ያስታውቁ።

በደረጃ ሀ ማስታወቅ ከፈለጉ፣ ዓመቱን ሙሉ ላዋጡት ገንዘብ በየወሩ የተቆረጠ ደረሰኝ ያቀርባሉ። ደረሰኝ ሰጥቼዎት አላውቅም፤ በማኅበራችን የሰው ቃል ይበቃ ነበር። ይህ ጉድለት የእርስዎ ተደርጎ ይመዘገባል።

በደረጃ ለ ከሆነ መደብዎ ወደሚቀጥለው ጊፋታ ይዛወርልዎታል። ሥጋው በእኔ ጓዳ በክብር ይቆያል፤ ስለ ሽታው ማኅበሩ ኃላፊነት አይወስድም። ገንዘቤ በካዝናችሁ ዓመት ተቀምጦ እንዳልሸተተ አውቃለሁ፤ ሥጋ ግን ያን ያህል ትዕግሥት የለውም።

ደረጃ ሐን ከመረጡ በግምት ይስተናገዳሉ። የሥራ ቤቴ ልጆች ያሉበት ኮሚቴ አጥርዎ ሥር ቆሞ የውሻዎን ውፍረት ይመለከታል፤ ከዚያም ተነሥቶ አምና ከሚገባዎ በላይ ምን ያህል ሥጋ ወደ ግቢዎ እንደገባ ይገምታል፤ ትርፉ ከዘንድሮው ላይ ይቀነሳል። ውሻዎን ሳየው፣ የሚቀርልዎት የበሬው ሰኮና ሳይሆን አይቀርም።

ፓስተራችን በቀል የእግዚአብሔር ነው ብለው ያስተምሩናል፤ እኔም በሙሉ ልቤ እስማማለሁ፤ በቀሉን ለእርሱ ትቼዋለሁ። እኔ የያዝኩት ሥጋውን ብቻ ነው። ሆኖም አልዋሽዎትም፣ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው፤ አምና ከተሰማኝ ነገር ሁሉ በኋላ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ብድር በምድር ነው፤ የእኛ ብድር ደግሞ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው በሬ ላይ መሆኑ ደስታዬን እጥፍ አድርጎታል።

ፋይሌ ከጊፋታ በፊት ከተዘጋ ግን፣ እንደ አምናው መደብዎን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ በትከሻዬ ተሸክሜ አመጣለሁ፤ በሩን እርስዎ ራስዎ እንዲከፍቱልኝ ብቻ እጠይቃለሁ።

ዘመኑ የጤና፣ የዕድገትና የማያልቅ ስብሰባ ይሁንልዎ። ዮ ዮ ጊፋታ!

ከታላቅ አክብሮት፣ ከማያልቅ ትዕግሥትና በደንብ ከተሳለ ቢላዋ ጋር፣

ኤልሳዕ ባዳቾ
በፈቃዱ የተመዘገበ ግብር ከፋይ፣ የበሬው ገንዘብ ያዥ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት፣ እንዲያውቁትና ዳጣ እንዲያስፈጩ
ለቢሮው የአስተያየት መስጫ ሳጥን፣ ቁልፉ ሲገኝ እንዲነበብ
ለፋይሌ፣ ያለበት ቦታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምና በጊፋታ ዕለት ከሰዓት በኋላ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኢየሩሳሌም ማንም ሳይነግራቸው፣ በሳህን ሥጋ አሸፍነው ወደ ቤቴ ላኩ። የባዶ መክተፊያን ድምፅ ከሙሉው መለየት የሚችሉ ሴት ናቸው። ልጆቼ የበሉት እሱን ነው፤ ከቤትዎም እስከ ዛሬ የተመለሰልኝ ነገር ያ ብቻ ነው። ስለዚህ የእሳቸውና የልጆችዎ ድርሻ ማጣራቱ አይነካውም፤ በሬው እንደታረደ ሽታዬ ራሷ ታደርስላቸዋለች። እሳቸው ከሳህናቸው ካካፈሉዎት ገቢ ነውና ያስታውቁ። የራስዎን ለማስጨረስ ሲመጡ ደግሞ ቆመው እንዳይጉላሉ ከግቢዬ በር ላይ አዲስ አግዳሚ ወንበር ሠርቼልዎታለሁ። አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ልኩን የወሰድኩት ከእናንተ ኮሪደር ነው።